ባይፖላር እያለብኝ የአእምሮ ሕሙማንን መንከባከብ እችላለሁ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ የሳይካትሪ ነርስ ናት፤ ተኝተው የሚታከሙ ሕሙማን ባሉበት ክፍል ትሠራለች። ባይፖላር ዓይነት አንድ (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት የአእምሮ ሕመም) እንዳለባት ከታወቀ ሦስት ዓመት ሆኗታል። ስሜትን የሚያረጋጋውን መድኃኒት፣ ሊትየምን፣ ትወስዳለች፤ ከአንድ ዓመት በላይ ሕመሙ አላገረሸባትም። በሥራ ቦታዋ ይህን የሚያውቅ ሰው የለም። ሰሞኑን ግን የሌሊት ፈረቃ ተደራርቦባታል። እንቅልፏ ተዛብቷል፤ እጇ ይንቀጠቀጣል። መንቀጥቀጡ ሲብስባት ኪኒኑን በራሷ ትቀንሳለች። በቅርቡ ደግሞ ማኒያ (ስሜትና ጉልበት ከልክ በላይ የሚያሻቅብበት ሁኔታ) ውስጥ ሆና የገባች አንዲት ታካሚ ስታይ ራሷን አየች። ባልደረቦቿ በታካሚዋ አነጋገር ሲሳሳቁ ዝም ብላ ከክፍሉ ወጣች። «ይህን ሥራ ልተወው? ለአለቃዬ ልናገር? ለታካሚዎቼስ መንገር እችላለሁ?» ትላለች።

እህቴ፣ በዕድሜ ሳልበልጥሽ አልቀርምና አንቺ እያልኩ ልጻፍልሽ።

ሥራውን መተው የለብሽም። ይህን አስቀድሜ ልንገርሽና ትንሽ ተንፍሺ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በዓለም ላይ 40 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከባይፖላር ጋር እንደሚኖሩ ገምቷል። ከነዚህ መካከል ሐኪሞች፣ ነርሶችና ሳይኮሎጂስቶች አሉ። ረጅም ዓመት በደንብ የሠሩም አሉ። የሕመሙ ስም ብቻውን ማንንም ከዚህ ሙያ አያስወጣም።

ደብዳቤሽ ውስጥ ግን ሳትጠይቂኝ ያለፍሽው ነገር አለ። እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው። ኪኒንሽን በራስሽ ትቀንሻለሽ።

ለምን እንደምታደርጊው ይገባኛል። መርፌ ስትይዢ እጅሽ ሲንቀጠቀጥ «አዩብኝ» ብለሽ ትሳቀቂያለሽ። ነገር ግን ሊትየም እንዲህ የሚነካኩት መድኃኒት አይደለም። የሚጠቅምበትና የሚመርዝበት መጠን በጣም ይቀራረባሉ። ለረጅም ጊዜ ለሚወስድ ሰው በደሙ ውስጥ እንዲኖር የምንፈልገው አብዛኛውን ጊዜ በሊትር ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊሞል ነው። ለአንዳንዱ እስከ 1.0 እንሄዳለን። ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ለታካሚዎችሽ ደም የምትቀጂው አንቺ ነሽ።

ግን የሌሊት ፈረቃ ይህን ቁጥር እንዴት እንደሚያበላሸው አስበሽበታል? ደሙ መቀዳት ያለበት የመጨረሻው ኪኒን ከተዋጠ 12 ሰዓት በኋላ ነው። ቀን የሚሠራ ሰው ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ይውጣል፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይቀዳል፤ አለቀ። አንቺ ግን ከፈረቃ ወጥተሽ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወሰድሽ እንበል። ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ላብራቶሪ ብትሄጂ ያለፈው ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይወጣል። «በዛብኝ» ብለሽ ትቀንሻለሽ። በሌላ ጊዜ ደግሞ በድካም አንዱን ኪኒን ዘለሽው ትመጪያለሽ፤ ቁጥሩ ዝቅ ይላል። ሁለቱም ቁጥሮች ያለሽበትን ሁኔታ አያሳዩም። ስለዚህ ለሚቀጥለው ምርመራ የወሰድሽበትንና የተቀዳሽበትን ሰዓት ወረቀት ላይ ጽፈሽ ለሐኪምሽ ስጪ።

የእጅ መንቀጥቀጡም መላ አለው። ቀጭን፣ ጣት ላይ የሚታይ መንቀጥቀጥ የሊትየም የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት ነው። ነቅቶ ለማደር የሚጠጣ ቡና ያባብሰዋል። ሌላም ነገር አለ፦ ካፌይን ሊትየሙ በሽንት ቶሎ እንዲወጣ ያደርጋል። ብዙ ጠጥተሽ ድንገት ብታቆሚው በደምሽ ያለው መጠን ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ ቀስ እያልሽ ቀንሺ፤ ለሐኪምሽም ንገሪ። እንደ ሁኔታው መጠኑን ወይም የሚወሰድበትን ሰዓት ማስተካከል ይቻላል፤ ፕሮፕራኖሎል የሚባለው መንቀጥቀጥ የሚቀንስ መድኃኒትም የሚረዳቸው ሰዎች አሉ። ደግሞ ፈረቃ ላይ ጀርባሽን ሲያምሽ ኢቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ እንዳትውጪ። ሁለቱም በደም ውስጥ ያለውን ሊትየም ከፍ ያደርጋሉ። ፓራሲታሞል ይሻልሻል። መንቀጥቀጡ ሰፍቶ እጅ ሙሉ ከሆነ፣ ማስታወክ ወይም ተቅማጥ ከመጣ፣ አካሄድሽ ከተንገዳገደ፣ አንደበትሽ ከተያዘ፣ ቀጠሮ አይጠበቅም። በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ሊትየምን ድንገት የሚያቋርጥ ሰው ሕመሙ ቶሎ ያገረሽበታል፤ በተለይ ማኒያው። ማቆም ካለበት እንኳ ቢያንስ በአራት ሳምንት፣ ቢቻል በሦስት ወር ውስጥ ቀስ እየተባለ ነው የሚቆመው። ሊትየም ካልተስማማሽ ሌሎች መድኃኒቶች አሉ። ምርጫው ግን ከሐኪምሽ ጋር የሚደረግ ነው። ልጅ የመውለድ ሐሳብ ካለሽ ደግሞ አስቀድመሽ ንገሪው፤ ከነዚህ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ቫልፕሮዌት በእርግዝና ወቅት በጽንሱ ላይ ከባድ ጉዳት ያደርሳልና።

ሐኪምሽ ስል የምትሠሪበት ክፍል ሐኪም ማለቴ አይደለም። ኮሪደር ላይ «እስቲ አንድ ነገር ላማክርህ» ብሎ የሚጀመር ሕክምና አይበጅሽም። ካርድሽ ባልደረቦችሽ እጅ የማይገባበት ቦታ ታከሚ። ከመድኃኒት ክፍሉም ለራስሽ አንዲት ኪኒን እንዳትወስጂ። ቀጠሮ ገብተሽ፣ ወረፋ ጠብቀሽ፣ እንደማንኛውም ታካሚ ተጠየቂ። ለእኛ ለባለሙያዎች ይህ ከባድ ነው። ሐኪሙ ፊት ቁጭ ብለን ስለ ራሳችን ስንናገር የሌላ ሰው ኬዝ የምናቀርብ ይመስለናል። «እንቅልፍ ትንሽ ተዛብቷል፣ ሌላው ደህና ነው» እንላለን። ሐኪሙም ባለሙያ መሆናችንን ስለሚያውቅ ብዙ ጥያቄ ይዘላል። ከመጀመሪያው ቀን «እንደማላውቅ ቁጠረኝ፤ ሁሉንም ጠይቀኝ» በዪው።

ነገሩ ወዲህ ነው። እውቀት ከዚህ ሕመም አያስጥልም። ኬይ ሬድፊልድ ጄሚሰን አሜሪካዊት ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ናት፤ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሳይካትሪ ፕሮፌሰር ሆናለች። በ1990 (እ.ኤ.አ.) ከፍሬድሪክ ጉድዊን ጋር ስለዚሁ ሕመም ትልቁን የሙያ መጽሐፍ አሳትማለች። ከዚያ በ1995 ሕመሙ የራሷም እንደሆነ ለዓለም ተናገረች። ይህች ሴት ስለ ሊትየም የማታውቀው ነገር አልነበረም። ሆኖም ወጣት ሳለች መድኃኒቱን ለዓመታት ስትታገለውና ስታቋርጠው ቆይታ ሕይወቷን ልታጣ ነበር፤ ይህን ራሷ ናት የጻፈችው። ጸንታ መውሰድ ከጀመረች በኋላ ሠርታለች፣ አስተምራለች፣ ጽፋለች። እኔ ከታሪኳ የምወስደው ይህን ነው፦ ብዙ ማወቋ ብቻውን አልጠበቃትም፤ የጠበቃት ሕክምናዋን መከታተሏ ነው።

ምክንያቱም የስሜት ከፍታው ሲጀምር መጀመሪያ የሚወሰደው ራስን የማየት ችሎታ ነው። የሌላውን ማኒያ ከበሩ ላይ የምታውቂው ሰው የራስሽን አታውቂውም። ስለዚህ «ባለሙያ ነኝ፣ ሲመጣ አውቀዋለሁ» በሚለው ላይ አትተማመኚ።

እስቲ በእኛ ሥራ ላይ ሲጀምር ምን እንደሚመስል ልንገርሽ። ሕመም አይመስልም። ጎበዝ ሠራተኛ ነው የሚመስለው። ሰው የጎደለበት ፈረቃ ሲኖር «እኔ እገባለሁ» ትያለሽ። ሁለት መስመር የሚበቃው ማስታወሻ ካርዱ ላይ ገጽ ተኩል ይሆናል። ርክክብ ላይ የሰው ንግግር ታቋርጫለሽ፤ ሳይጨርሰው ገብቶሻላ። ሐኪሞቹ ያላዩትን ነገር አንቺ ብቻ እንዳየሽው ይሰማሻል። አንዱን ታካሚ ሌሊቱን ሙሉ ስታጫውቺው ታድሪያለሽ። ለቤተሰቡ የግል ስልክሽን ትሰጫለሽ። «በሚቀጥለው ሳምንት ቤትህ ትገባለህ» ብለሽ የማይፈጸም ቃል ትገቢያለሽ። ክፋቱ፣ በዚህ ጊዜ የሚያመሰግንሽ እንጂ «ምነው?» የሚልሽ አይኖርም። አለቃሽም ፈረቃው ስለተሞላለት ደስ ይለዋል።

ድብርቱ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነው። ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። ካርድ መጻፍ ይከብድሻል፤ ለነገ ይባላል። ከታካሚ ጋር የምታሳልፊው ጊዜ እያጠረ ይሄዳል። አንዱ «ከዚህ በኋላ የሚለወጥ ነገር የለም» ሲልሽ፣ ሕመሙ ያናገረው ሳይሆን እውነት ይመስልሻል። «ራስህን ስለ ማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈራሻል፤ ጥያቄው ወደ ራስሽ ስለሚዞርብሽ። በእኔ እምነት በሙያችን ውስጥ ላለ ሰው ከዚህ የበለጠ የታመነ ምልክት የለም። ያ ጥያቄ ከአፍሽ አልወጣ ያለ ቀን ታካሚውን ለባልደረባሽ አስረክቢና ለሐኪምሽ ደውዪ። ሐሳቡ ወደ ራስሽ መጥቶ ከሆነማ ብቻሽን እንዳትሆኚ። የምታምኚውን ሰው ጥሪ፤ አብሮሽ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። ሌሎችን የምታድኚበትን መንገድ ለራስሽም ልትጠቀሚበት መብትሽ ነው።

ይህን ስል ግን ደስ ባለሽ ቁጥር ራስሽን እንድትመረምሪ አልፈልግም። እሱም ሌላ ስቃይ ነው። ሰው ይስቃል፣ ይዘፍናል፣ በሥራው ይኮራል። ሃይፖማኒያ (ቀለል ያለ ማኒያ) ለማለት ቢያንስ አራት ቀን፣ ማኒያ ለማለት አንድ ሳምንት የዘለቀ ለውጥ እንፈልጋለን፤ ሆስፒታል የሚያስገባ ከሆነ ግን ቀኑ አይቆጠርም። ለመለየት የምጠቀምበት ቀላሉ ጥያቄ ስለ እንቅልፍ ነው። ትንሽ ተኝተሽ ደክሞሻል? ያ እንቅልፍ ማጣት ነው። ትንሽ ተኝተሽ ጭራሽ ካልደከመሽ ግን ያ ሌላ ነገር ነው፤ በዚያው ቀን ለሐኪምሽ ይነገር።

ስለዚህ ስለ ሌሊት ፈረቃው ያለኝን ሐሳብ ሳላድበሰብስ ልናገር። የሚፈራረቅ የሌሊት ሥራ ለባይፖላር ዓይነት አንድ ጥሩ አይደለም። እንቅልፍ ማጣት ማኒያን ከሚቀሰቅሱ ነገሮች ግንባር ቀደሙ ነው። በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ኤለን ፍራንክና ባልደረቦቿ በዚሁ ላይ የቆመ ሕክምና አዘጋጅተዋል። በውስጡ ታካሚው አምስት ሰዓቶችን በየቀኑ ይመዘግባል፦ ከአልጋ የወረደበትን፣ መጀመሪያ ከሰው ጋር የተነጋገረበትን፣ ሥራ የጀመረበትን፣ እራት የበላበትንና የተኛበትን። ሐሳቡ እነዚህን ሰዓቶች ከቀን ቀን ማቀራረብ ነው። አንቺ ያለሽበት ፈረቃ አምስቱንም በየሳምንቱ ይገለብጣቸዋል። ከሥራው መውጣት ሳይሆን ከሌሊቱ መውጣት ነው የሚያስፈልግሽ። ተመላላሽ ክፍል መዛወር፣ ቋሚ የቀን ፈረቃ፣ ካልሆነም ለጊዜው ከሌሊት መነሳት፤ በዚህ ቅደም ተከተል ጠይቂ።

ይህ ወደ አለቃሽ ያመጣናል። እስከ ዛሬ ሆድ ይፍጀው ብለሽ ይዘሽዋል፤ አልፈርድብሽም። ግን መናገር ማለት ሁሉንም ለሁሉም መናገር አይደለም። የመጀመሪያው እርምጃ የሕመሙን ስም ጨርሶ ላይጠይቅ ይችላል። ሐኪምሽ «በጤና ምክንያት የሌሊት ፈረቃ አይመከርላትም» የሚል ማስረጃ ሊጽፍልሽ ይችላል። በብዙ ቦታ ይህ ይበቃል። መሥሪያ ቤትሽ የሠራተኞች ጤና ክፍል ካለው በዚያ በኩል ማለፍ ይሻላል፤ ምስጢሩ እዚያው ይቀራል፣ ለአለቃሽ የሚደርሰው ምክሩ ብቻ ነው።

የሙያ ፈቃድ ስታድሺ የሚሞላ ቅጽ ካለ በጥንቃቄ አንብቢው። አንዳንዱ ቅጽ የሚጠይቀው «ሥራሽን አሁን የሚያውክ ሕመም አለ ወይ?» ብሎ ነው። ይህና «ታምመሽ ታውቂያለሽ ወይ?» የሚለው ይለያያሉ። የአገርሽን ሕግ የሚያውቅ ሰው ወይም የሙያ ማኅበርሽን አማክሪ። በጽሑፍ ግን እንዳትዋሺ፤ ኋላ የሚያስጠይቅሽ ከሕመሙ ይልቅ ውሸቱ ነው።

ለአለቃሽ ስሙን ጠርተሽ ለመናገር ከወሰንሽ ጊዜውን ምረጪ። ደህና በሆንሽበት ሳምንት ይሁን። ሌሊቱን ሳትተኚ አድረሽ «ዛሬ ሁሉንም እናገራለሁ» የሚል ጉልበት ከመጣብሽ አቆዪው። ያ ድፍረት የአንቺ ላይሆን ይችላል። ስትናገሪ አጭር ይሁን፦ «ሕክምና የምከታተልበት ሕመም አለብኝ። ከአንድ ዓመት በላይ ደህና ነኝ። ደህና ሆኜ ለመቀጠል መደበኛ እንቅልፍ ያስፈልገኛል። የምጠይቀው የቀን ፈረቃ ነው።» ይቅርታ አትጠይቂ። ዝርዝርም አትጨምሪ።

ከአለቃሽ በፊት ግን አንድ የሥራ ባልደረባ ብታገኚ ደስ ይለኛል። ከአንቺ ጋር ፈረቃ የሚገባ፣ አፉን የሚይዝ፣ ፊት ለፊት «ዛሬ ልክ አይደለሽም» የሚልሽ ሰው። አንድ ደግሞ ከቤት። ሁለቱም የየራሳቸው ዓይን አላቸው፤ ቤት ያለው እንቅልፍሽንና ገንዘብ አወጣጥሽን ያያል፣ የሥራ ባልደረባሽ ርክክቡንና ካርዱን። ደህና ሳለሽ ከነሱ ጋር አንድ ወረቀት ጻፉ። በእኔ ክፍል ይህን ሳናደርግ ታካሚ አንሸኝም። ወረቀቱ እንዲህ ይበል፦ «ሲጀምረኝ የሚታዩብኝ ምልክቶች እነዚህ ናቸው፤ ሲታዩ እገሌ ይናገረኛል፤ ብቆጣም ይናገረኛል፤ ለሐኪሜ ለመደወል ፈቅጄለታለሁ። ሁለት ሌሊት ተከታትሎ ከአምስት ሰዓት በታች ከተኛሁ ያን ቀን ሥራ አልገባም፣ ሐኪሜ ያዘዘልኝን የእንቅልፍ መድኃኒት እወስዳለሁ።» ቁጥሩን ከሐኪምሽ ጋር ለራስሽ አስተካክሉት። «ብቆጣም ይናገረኛል» የምትለዋን ግን እንዳታወጪያት። ትቆጫለሽና።

ስለሚሳሳቁት ባልደረቦችሽ። ይህን ሳነብ ከልቤ አዘንኩ። እንዲህ ያለ ሳቅ ያለበት ክፍል ውስጥ የሚሠራ ሰው ሕመሙን ቢደብቅ ምን ይገርማል? ስለ ራስሽ ሳትናገሪ ግን ልትናገሪ የምትችይው ነገር አለ። ከማኒያ ያገገሙ ብዙ ሰዎች የተናገሩትንም የተሳቀባቸውንም ያስታውሳሉ። ከወጡ በኋላ ወደ ክትትል ላለመመለስ አንዱ ምክንያታቸው ያ እፍረት ነው። «ሲሻላት ታስታውሰዋለች» ማለት ይበቃል። ለዚህ ደግሞ ነርስ መሆንሽ ብቻ በቂ ሥልጣን ነው።

ለታካሚዎችሽ መንገርን በተመለከተ፣ አሁን አትንገሪ እላለሁ። የራስን ሕመም እንደ ሙያ መሣሪያ የሚጠቀሙ ሰዎች አሉ። በአንዳንድ አገሮች በሕመሙ ያለፉ ሰዎች ለዚሁ ሠልጥነው ተቀጥረው ይሠራሉ፤ ሥራቸውንም በጣም አከብራለሁ። ግን እነሱ የሚቆጣጠራቸውና የሚደግፋቸው ሰው አላቸው፤ ምን እንደሚነገርና ምን እንደማይነገርም ተምረውታል። አንቺ በነርስነት ነው የገባሽው። ታካሚዋ ስለ አንቺ ካወቀች ስለ አንቺ መጨነቅ ትጀምር ይሆናል። አንቺ ፈረቃ ስትቀሪ «አገረሸባት ይሆን?» ትላለች። ደግሞ የተነገረው በዚያው ቀን ለክፍሉ ሁሉ ይደርሳል። ወደፊት መንገር ብትፈልጊ ሥራሽን በቅርብ ከሚከታተል ልምድ ያለው ባለሙያ ጋር ተነጋገሪበት፤ «ይህን ብነግራት የሚጠቀመው ማነው?» ከሚለው ጀምሩ።

እስከዚያው ከውስጥ የምታውቂውን በእጅሽ አሳያት። ለዚያች ታካሚ ብርሃኑን ቀንሺላት። የሚያናግራት ሰው አንድ ይሁን። አጭር ዓረፍተ ነገር ተጠቀሚ፤ አትከራከሪያት። ውኃና ቁጭ ሳይሉ የሚበላ ነገር አቅርቢላት፤ ማኒያ ላይ ያለ ሰው ምግብ ይረሳል። ስትረጋጋ ምን ምን እንደተናገረች ከጠየቀችሽ፣ ያላስፈለገውን ትተሽ በአክብሮት ንገሪያት። ይህን ሁሉ ለማድረግ ስለ ራስሽ አንዲት ቃል መናገር አይጠበቅብሽም።